ወጡ እሳት ላይ እያለ የወጣ ሕግ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 28 ቀን 2001 ዓ.ም.

ባሕር ተሻግረሽ ለከበድሽብን ለአምለሰት፤

የእግዚአብሔር ሰላምታ አውሮፕላን ሳይሳፈር፣ ቪዛ ሳይጠየቅ ካለሽበት ክፍል ይግባ። እኛ ደህና ነን። ላሞቹ ደህና ናቸው። የላህ ወንዝም ደህና ነው። መብራት ብቻ አንድ ቀን ይመጣና ሁለት ቀን ይታመማል።

ረስተሽኝ እንደሆነ ልንገርሽ፤ የአባትሽ የአክስት ልጅ ካሰች ነኝ። ሀ ሁን ያስቆጠርኩሽ፣ ፊደል ገልብጠሽ ስትጽፊ ጆሮሽን የቆነጠጥኩሽ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። መንግሥት ጠመኔውን ተረከበኝ፤ ምላሴን የሚረከብ ክፍል ግን ስላልተገኘ እስካሁን ከእኔው ጋር አለ።

ለምን አልደወልሽም እንዳትይኝ። በስልክ «ሀሎ፣ ይሰማል?» እያልኩ ቀልዴ መንገድ ላይ ይሞትብኛል። ደብዳቤ ይዘገያል እንጂ አይቆራረጥም።

የምጽፍልሽ ለነገር ነው። እናትሽን ቅዳሜ ገበያ አገኘኋትና «ልጀ ሕንድ አገር ፕሮግራም ሳይቆም ትቀይራለች» አለችኝ። «ሳይቆም ማለት?» ብላት «እኔ ምኑን አውቄው እትየ፤ ብቻ ሳይቆም ነው» ብላ ሽንኩርቷን መምረጥ ቀጠለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እኛ የምናውቀው ነገር ሁሉ ሲጠገን ይቆማል። ወፍጮው ድንጋዩ ሲወቀር ይቆማል። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጎማው ሲቀየር ደምበጫ ላይ ይቆማል፤ ሰዉም ወርዶ ሹፌሩን ይመክራል። እየሄደ ጎማ የሚቀየርለት መኪና አይቼ አላውቅምና እስቲ ምን እንደምትሠሪ ለአሮጊት አስረጂ።

የአገር ወሬ ካልሽ፣ የተክለ ሃይማኖት ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም አለቃ፣ እኔ ሆኛለሁ። ባሕር የምከፍል አይምሰልሽ፤ የሚጣሉ ማኅበርተኞችን ነው የምለያየው። መቼም ታውቂዋለሽ፤ ወር በገባ በሃያ አራት አንዱ ቤት እንሰበሰባለን፣ ባለ ተራው ይደግሳል፣ ሲያበቃ ጽዋውን ለቀጣዩ ባለ ተራ ያስረክባል። ጽዋው ያለበት ቤት የሚመጣው ድግስ ቤት ነው። ዱሮ ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ ይበቃን ነበር። አሁን ግን አንዱ በአንዱ ላይ እየጨመረ መጣ። በዚህ ወር ደግሞ ተራው የእህል ነጋዴው የእንዳለው ነበር። በግ አረደ፤ ቢራ በአይሱዙ አስጭኖ አመጣ። መምሬ ገብረ ሕይወት ጸሎቱን ሲያሳርጉ በ«አሜን» ፈንታ የጠርሙስ ክዳን ነበር የሚሰማው።

ጥር ላይ ባለ ተራዋ አልጣሽ ናት። ታውቂያታለሽ፤ ባሏ የሞተባት፣ ቡሬ ገበያ በርበሬ የምትቸረችረው። ከእንዳለው በግ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም። «ሆዴን አሞኛል» አለች። የአልጣሽ ሆድ ድንጋይ ይፈጫል፤ የታመመው ሌላ ነው።

የማንበቢያ መነጽር ብትልኪልኝ አልጠላም።

የቆነጠጠችሽ፣
ካሰች

———

ባንጋሎር፣ ኅዳር 22 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለእትየ ካሰች፤

ደብዳቤዎን ስከፍት በመጀመሪያ ያደረግሁት ጆሮዬን መያዝ ነው። እጅዎ እስከዚህ እንደማይደርስ ባውቅም ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጤናዎን ያብዛልን፤ ምላስዎንም የሚረከብ አይገኝ።

እኔ ደህና ነኝ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤቶች ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም አይቀምሱም። ስለ ጾማችን ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸውና «ታዲያ ለምን ትፈቱታላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ትምህርቴን እየተማርኩ በአንድ ትንሽ ድርጅት የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጥ ፕሮግራም እንሠራለን። ፕሮግራም ማለት ለኮምፒዩተር የተጻፈ ሕግ ነው፤ ጽሑፉን ኮድ እንለዋለን። ኮምፒዩተሩ ሕጉን አንብቦ ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የራሱ ትዝታ ይኖረዋል፤ ማን መጣ፣ ማን የትኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ማን መልስ ይጠብቃል። ሕጉ ሌላ፣ ትዝታው ሌላ መሆኑን ይያዙልኝ።

ሕጉ ላይ ስሕተት ሲገኝ የተለመደው መንገድ ማቆም፣ ማረምና እንደገና ማስነሣት ነው። ችግሩ ግን ፕሮግራሙ ሲቆም ትዝታው ድራሹ መጥፋቱ ነው። ስሕተቱ የሚታየው አውቶቡሱ ሊሞላ ሲል ከሆነ፣ አንዲት ፊደል ባረምኩ ቁጥር ለሙከራ የምፈጥራቸውን የውሸት ተሳፋሪዎቼን ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ ላሳፍር ነው። ጠዋቱን ሙሉ እንደ መናኸሪያ ወያላ ስጮህ እውላለሁ።

አሁን ግን ሌላ ዘዴ ተማርኩ። ፕሮግራሙ እየሠራ ኮዱን አርሜ ሳስቀምጥ፣ አሮጌውን ሕግ ጥሎ አዲሱን ያነባል፤ ተሳፋሪዎቼ ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ አይሉም። ትዝታው እንዳለ ሕጉ ብቻ ይለወጣል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ። እትየ፣ እንከን የማይወጣለት ነገር ነው!

ለመነጽሩ የዓይንዎን ቁጥር ይላኩልኝ።

የቆነጠጧት፣
አምለሰት

———

ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሳይቆም ለምትቀይሪው ለአምለሰት፤

ሰላምታዬ በጾም ድምፅ ይድረስሽ፤ ሹሮ የበላ ሰው ከዚህ በላይ አይጮህም። ለቤት ባለቤቶችሽ እንዲህ በይልኝ፦ የምንፈታው እንደገና ለመጾም ነው።

መነጽሩ ይቆይ። ደብዳቤሽን ያለ መነጽር ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ለመምሬም አነበብኩላቸው። «ሕጉ ሌላ፣ ትዝታው ሌላ» የሚለው ላይ ስደርስ ጭራቸውን መወዝወዝ አቁመው «ይህቺ ልጅ የማን ናት?» አሉ።

አንቺ ባትነግሪኝ የደረሰብኝን ነገር ሳላውቀው እሞት ነበር። እዚህ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ጉዳይ ስላለኝ ስሙን አልጠራም። በሩ ላይ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ላይ ስለሆንን አገልግሎት አንሰጥም» ብሎ ለጥፎ ከረመ። ሲከፈት ወንበሩ አዲስ፣ ጠረጴዛው አዲስ፣ ፈገግታውም አዲስ ሆኖ ጠበቀኝ። ልጁ «እናት፣ ምን እንርዳዎት?» አለኝ። «ባለፈው የጀመርኩትን ጨርሱልኝ» ብለው «የትኛውን ባለፈው?» አለ። ለካ አጥፍተው ነው ያስነሡት!

እንግዲህ አስተማሪ ነበርኩና ጥያቄ አለኝ። ያ የተጣለው አሮጌ ሕግ ወዴት ይሄዳል? ወዲያው ነው የሚሞተው ወይስ ጥግ ይዞ ይቆያል? አንዱ ተሳፋሪ ግማሽ ትኬት ተቆርጦለት እያለ ሕጉ ቢለወጥ፣ ሌላው ግማሽ በየትኛው ይቆረጥለታል? ፕሮግራሙስ መለወጡን ያውቃል ወይ? አይደነግጥም?

ለጨዋታ አይምሰልሽ። በኅዳር ሃያ አራት ማኅበር ላይ እንዳለው ተነሥቶ «ይህን ማኅበር አፍርሰን አቅም ባላቸው ሰዎች በአዲስ መልክ እናቋቁመው» አለ። «አቅም» ሲል ዓይኑ የት እንዳረፈ አይቻለሁ። አልጣሽም አይታለች። ማፍረስና ማቋቋም ማለት አንቺ ያልሽው ማጥፋትና ማስነሣት መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ሲነሣ አልጣሽ ትዝታው ውስጥ የለችም። ባሏ የሞተ ጊዜ ደጇን ሳይዘጋ ያቆየላት ይህ ማኅበር ነው። ከዚህ ከወጣች የበርበሬ ገበያና ባዶ ቤት ብቻ ነው የሚቀራት፤ በገዛ አፏም አትለምንም።

ስለዚህ ያንቺን ዘዴ አስቤያለሁ። ማኅበሩን ሳላፈርስ፣ ተራውንም ሳልነካ፣ ሕጉን ብቻ ልለውጥ ነው። እንዴት እንደሆነ አልነግርሽም፤ ሆኖ ታዪዋለሽ። ብቻ መልስሽ ከጥር ሃያ አራት በፊት ይድረሰኝ።

ካሰች

———

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 26 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለጠፋሽው ለአምለሰት፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ እኛ ዘንድ ለጊዜው አልቋል።

መልስሽ አልመጣም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ያ ነው ጥፋቱ። ከትናንት ወዲያ አልጣሽ ቤት ተሰበሰብን። ቤቷ ተለቅልቋል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ከጓዳ ሽታ ይመጣል። መምሬ ጸሎት አድርሰው እንደ ተቀመጡ፣ ምግብ ሳይወጣ፣ እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተነሣሁ።

«ማኅበርተኞች፣ ማኅበራችን ሳይፈርስ፣ ተራችንም ሳይዛባ፣ ሕጋችን ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ተለውጧል። ከእንግዲህ የሚቀርበው ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ ብቻ ነው። ሥጋ፣ ቢራ፣ አረቄ በማኅበራችን ክልክል ነው!»

አጨብጭቡልኝ አላልኩም እንጂ ለጭብጨባ ቦታ ትቼ ነበር። አንድ ሰው አላጨበጨበም። ሁሉም አፍንጫውን ወደ ጓዳው አዙሮ ቀረ። ልጀ፣ ያ ሽታ የጠቦት ወጥ ሽታ ነበር። አልጣሽ ለክረምት ያስቀመጠችውን በርበሬ ቡሬ ወስዳ ሸጣ ጠቦት ገዝታለች። እኔ «ለድሀዪቱ ላቅልላት» ብየ ሕግ ሳወጣ፣ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ጭልፋ ይዛ ቆማለች።

እንዳለው ደስታውን መደበቅ አቃተው። «ሕግ ሕግ ነው እንግዲህ፤ ሙሴያችን ከተናገሩ እኔ ሥጋ አልነካም» ብሎ እጁን አጣመረ። ሌሎቹም እሱን አይተው አጣመሩ። መምሬ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ በሉና ሕጉን ነገ አክብሩ» ቢሉ የሚሰማ ጠፋ።

አልጣሽ ወጣች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ካሰች፣ ይህ ሕግ በእንዳለው ቤት ለምን አልወጣም?»

«አልጣሽ፣ ለአንቺ ብየ…»

«ቢራው ሲከፈት የት ነበርሽ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«ጠጥተሻል?»

«አንድ… አንድ ተኩል።»

«እንግዲያው ተኩሉን እኔ ቤት መጥተሽ አትጨርሺው» አለችና ድስቱን በጨርቅ ይዛ በመሃላችን አልፋ ወጣች። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላሉት ነዳያን አንድ ሳታስቀር አበላቻቸው። ተመልሳ መጥታም «ማኅበሩ ሳይበላ ማኅበሩ አልወጣም። ያልወጣ ማኅበር ጽዋ አያስረክብም» ብላ ጽዋውን ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

እንግዲህ ይኸው ነው። ወደ ፊት አንሄድም፤ ጽዋው የለም። ወደ ኋላ አንመለስም፤ ሕጉ ወጥቷል። የቀበሌው ኮምፒዩተር አንዳንዴ መስኮቱ ተከፍቶ ጣት ቢነካው፣ ቢደበደብ፣ ቢለመን ዝም እንደሚለው ዝም ብለናል። እንከን የማይወጣለት ያልሽው ነገር ይህ ነው?

ካሰች

———

ባንጋሎር፣ የካቲት 1 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለእትየ ካሰች፤

ጤና ይስጥልኝ እያልኩ ደግሞም እያፈርኩ እጽፋለሁ። የታኅሣሡ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ጥያቄዎችዎ እኔንም ስለ ያዙኝ ነው። የትኛውንም አላውቀውም ነበር።

«አሮጌው ሕግ ወዴት ይሄዳል?» ያሉትን ይዤ አንዱን የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅሁት። ትከሻውን ሰበቀ። ሁለተኛውን ጠየቅሁ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ። በመጨረሻ ራሴ ሞከርኩት። አንድ ሥራ ሆን ብየ አዘግይቼ አስጀመርኩና መሃሉ ላይ ሳለ ኮዱን ለወጥኩት። እትየ፣ ምን ሆነ መሰለዎት! የተጀመረው ሥራ በአሮጌው ሕግ እስከ ፍጻሜው ሄደ፤ ከእሱ በኋላ የገባው ግን በአዲሱ ተስተናገደ። ሁለቱ ሕጎች ለጥቂት ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ አብረው ኖሩ ማለት ነው! አሮጌው የሚጠፋው የመጨረሻው የያዘው ሰው ሲለቀው ነው።

እንከን የለውም ያልኩትንም ልውጠው። ባለፈው ሳምንት በአለቆቻችን ፊት ዘዴውን ላሳይ ቆምኩ። አውቶቡሱ ተሞልቷል። «አሁን ሳላቆም ሕጉን እለውጣለሁ» አልኩና እያንዳንዱን ተሳፋሪ መስኮት ይፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ ኮድ ጨመርኩ። አዲሱ ሕግ ቀድሞ የተቀመጡት ሰዎችም «መስኮት ትፈልጋለህ?» ተብለው የተጠየቁ መስሎት መልሳቸውን ፈለገ። ማን ጠይቋቸው! ትዝታው በአሮጌው መልክ ነበርና መልስ ሲያጣ ፕሮግራሙ እዚያው ደርቆ ቀረ። አለቃችን «ተሳፋሪዎቹ ተርፈዋል?» ብሎ ጠየቀ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ላይ ስቀመጥ «መስኮት ትፈልጊያለሽ?» ይሉኛል።

ስለዚህ ለማኅበሩ ካሰቡት ነገር አደራ የምለው፦ መሃል ላይ ያለውን ሰው አይንኩ። የጀመረ በጀመረበት ሕግ ይጨርስ። አዲሱ ከሚቀጥለው ባለ ተራ ይጀምር። ጥር ሃያ አራት ካለፈ ሳምንት እንደሆነው ሳስብ እጨነቃለሁ። ይሁንና እርስዎ አስተዋይ ስለሆኑ…

አምለሰት

———

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 25 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለአምለሰት፤

በሁዳዴ የሚጻፍ ደብዳቤ አጭር ነው።

ምክርሽ ደርሶኛል። ቀብር ላይ ዕቃውን ይዞ የመጣ ሐኪም ይመስላል። «አስተዋይ ስለሆኑ» የሚለውን ለመምሬ ሳነብላቸው ሳል ያዛቸው። በጥር የጻፍኩት ደብዳቤ እስካሁን ደርሶሽ ይሆናልና አስተዋይነቴን አንብበሻል።

አሁን የባሰው መጥቷል። እንዳለው ቡሬ ሄዶ አዲስ ጽዋ አስሠርቷል። ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ ሃያ አራት በቤቱ አዲስ ማኅበር ሊያስነሣ እየዞረ ሰው ያነጋግራል። ግማሹ ማኅበርተኛ አንገቱን ነቅንቆለታል። አልጣሽ በመንገድ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፤ ያውም «እንዴት አደሩ» ብላ። ከልጅነታችን ጀምሮ አንቺ የተባባልን ሰዎች ነን። እንዲህ ያለ አክብሮት ለጠላት አይስጥ።

የቆመን ነገር ሳያጠፉ ማስኬጃ ዘዴ ካላችሁ ንገሪኝ። ሌላ ምንም አትላኪልኝ።

ካሰች

———

ባንጋሎር፣ መጋቢት 13 ቀን 2001 ዓ.ም.

እትየ፤

የጥሩም የየካቲቱም ደብዳቤ ተከታትለው ደረሱኝ። ድስቱ በመሃል ሲያልፍ ያነበብኩት ቆሜ ነው።

በእኛ ሥራ እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው አጥፍቶ ያስነሣል። ቀላል ነው። እንዳለው የያዘውም እሱን ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልሞክር ብየ የራሴን የደረቀ ፕሮግራም ወደ አሮጌው ሕግ መለስኩት። በጀመሩበት ሕግ የተንጠለጠሉት ሁሉ ያለ ጣጣ ጨረሱ። አዲሱን ከዚያ በኋላ ባስገባው ማንም አልደነገጠም። ጥፋቱ ከሕጉ አልነበረም፤ ከገባበት ሰዓት ነው።

የአልጣሽ ድግስ አልፈረሰም፤ አላለቀም እንጂ። አሮጌውን ሕግ ይመልሱላትና ትጨርሰው። አዲሱ ከእሷ በኋላ ይጀምር።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ልጠይቅዎ እያልኩ እረሳዋለሁ፤ እርስዎም ጽፈውልኝ አያውቁም። ከአልጣሽ ቀጥሎ ባለ ተራው ማን ነው?

አምለሰት

———

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለጠያቂዋ ለአምለሰት፤

እንኳን አደረሰሽ። የፋሲካው ቅቤ ከጣቴ ሳይለቅ ስለምጽፍልሽ ወረቀቱ ቢወዛ አትታዘቢኝ።

ከአልጣሽ ቀጥሎ ባለ ተራው ማን ነው ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ነኝ። አልጻፍኩልሽም፤ አንቺም አልጠየቅሽኝም ነበር። ጥያቄሽን ሳነብ ጆሮዬን የያዝኩት በተራዬ እኔ ነኝ።

በፋሲካ ማግሥት መምሬን ከፊት አስቀድሜ አልጣሽ ቤት ሄድኩ።

«አልጣሽ፣ ሕጉን ሽሬዋለሁ» አልኳት።

«የቱን ሕግ?»

«በጥር ያወጣሁትን።»

«ሕግ ነበር እንዴ? እኔ የሳሉ መስሎኝ።»

«እንደው በሞቴ፣ ለአንቺ ስል ነው ያደረግሁት።»

«ለእኔ ሲሉ። ከእኔ ቀጥሎ ማን ነበር የሚደግሰው?»

መምሬ ቀስ ብለው ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ። መምሬ ዝምታዬን ሲሰሙ ደነገጡና «ካሰች፣ አመመሽ?» አሉ።

«የሁለታችንንም ጎጆ አይቼ ነው» አልኩ በመጨረሻ። «ያንቺን ብቻ ያየሁ አስመስየ ተናገርኩ።»

አልጣሽ ያን ጊዜ ነው መቀመጫ የሰጠችን። «የጀመርኩትን እጨርሳለሁ» አለች። «ሚያዝያ ሃያ አራት ኑ። በድሮው ሕግ ነው የምትበሉት። ማንም ደግሞ በጓሮ በኩል ዶሮ እንዳይልክብኝ፤ ካገኘሁ ከነላኪው ነው የምመልሰው።»

እንዳለው ይህን ሲሰማ የራሱን ድግስ ለማግሥቱ አዛወረው። አልጣሽ ምን ልታቀርብ እንደምትችል አይቶ መሳቅ ፈልጓል። አዲሱን ጽዋ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከጋቢው ሥር ይዞት መጣ። ሰው ሁሉ አየው፤ ሰው ሁሉ እንዳላየ ሆነ።

አልጣሽ ያላት አንድ ዶሮ ነበር። አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አለው፤ እኛም መምሬን ጨምሮ አሥራ ሁለት ነን። ሰሐን አላቀረበችም። በእንጀራ እየጠቀለለች፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች፣ በገዛ እጇ አጎረሰች። እንዳለው ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

«በጥር የዘጋኸውን አፍ ክፈት።»

«እኔ እንኳ… አሁን ከቤት በልቼ…»

«እንዳለው፣ እጄ ላይ እየቀዘቀዘ ነው።»

ከፈተ። ትልቅ አድርጋ ነው ያጎረሰችው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በርበሬው የአልጣሽ ነው፣ ቡሬ ገበያ ላይ ሰው የሚሰለፍለት። የእሷን ማኅበር የበላ ሰው፣ ማኅበሩ ፈርሷል ብሎ በምን አፉ ይናገር? አፉ ደግሞ ሥራ ላይ ነበር። አሮጌው ሕግ ወዴት ይሄዳል ብየ ጠይቄሽ አልነበር? በእንዳለው ጉሮሮ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። እኔም አፌን ከፈትኩ።

«እርስዎማ ሕግ አውጪ ነዎት» አለችና አንድ ሰፌድ ቆሎ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «በሕግዎ ነው የሚስተናገዱት።»

አምለሰት፣ ሁለት ሕግ አንድ ቤት ውስጥ አብሮ ይኖራል ያልሽው እውነት ነው። አሥሩ ጣታቸውን ሲልሱ እኔ ቆሎ ስቆረጥም ነበር፤ ያውም ሽንብራው በዝቶበት። አልጣሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ የራሷን ብልት በላች፤ ቀጥላ የእኔን በላች። «ጥሩ ነው?» ብላት «ጨው ትንሽ በዝቶበታል፤ ባትቀምሺው ነው የሚሻልሽ» አለችኝ። አንቺ ብላኛለች! መምሬ በሳቅ ጥምጥማቸው ተፈታ።

ጠላው ሲያልቅ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ጽዋውን አወጣች። በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

«ግንቦት ላይ ምን ታቀርቢልናለሽ?» አለች፣ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ።

የካሰች ድግስ ማለት እዚህ አገር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከባሌ ጋር የተጣላሁት እንኳ «ድግስ ታበዣለሽ» ብሎኝ ነበር። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየኝ።

«ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ» አልኩ። «ከእኔ ጀምሮ።»

«እትየ ካሰች፣ እርስዎም?» አለ እንዳለው፣ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ።

«እኔም። ከእኔ በኋላ የሚመጣውም። ዙሩ ሲደርስህ አንተም።»

ማንም እጁን አላጣመረም። አንዷ ማኅበርተኛ ብቻ «እንዳለው፣ በጋዜጣ የጠቀለልከው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። «የቤት ዕቃ ነው» አለ። በማግሥቱ ድግስ የተጠራ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

ታዲያ አዲስ ሕግ ጠባቂ ይፈልጋል ብየ አልጣሽን ሾምኳት። ያለ ደመወዝ ነው፤ ሥልጣኑ ግን የየባለ ተራውን ጓዳ እስከ መፈተሽ ይደርሳል። ሹመቱን ሳትግደረደር ተቀበለችና ሥራዋን ከእኔ ቤት ጀመረች። ትናንት ሳትነግረኝ መጥታ ጓዳ ገባች። ከእንስራው ጀርባ እግሯን ታስራ የተቀመጠች ዶሮ አገኘች።

«ይህቺስ?»

«ለእንቁላል ያመጣኋት ናት» አልኩ።

አልጣሽ ዶሮዋን አንሥታ ወደ ብርሃን አወጣችና ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አውራ ዶሮ ነው» ብላ በብብቷ ይዛው ሄደች።

ካሰች